ሞራ ወደ ሳሙና ሲቀየር፦ ትርፉም አደጋውም ሚዛኑ ላይ ነው

በፋሲካና በአረፋ ሰሞን እርዱ ስለሚበዛ ሥጋው ተሽጦ ሲያልቅ ብዙ ሞራ ገዢ ያጣል። በሙቀት ቦታ ቶሎ ካልተነሳ ይሸታል፣ ዝንብም ይሰበስባል። ይኸው ሞራ ከኮስቲክ ሶዳና ከውሃ ጋር ሲቀቀል ግን በአንድ ቀን ጠንካራ የልብስና የገላ ሳሙና ይሆናል። ሥራው ፋብሪካ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በግራም የሚለካ ትክክለኛ ሚዛን ነው።

ሶዳው ለምን በሚዛን ይለካል?

በኬሚካል ስሙ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባለው ኮስቲክ ሶዳ ስቡን ይሰብርና ሳሙና ያደርገዋል፤ ከስቡ የሚወጣው ግሊሰሪንም እዚያው ሳሙናው ውስጥ ይቀራል። 1 ኪሎ የነጠረ የበሬ ሞራ ሙሉ በሙሉ ሳሙና እንዲሆን 140 ግራም ያህል ሶዳ ይፈልጋል። ከዚያ በላይ የገባው ሶዳ የሚዋሃደው ስብ ስለማያገኝ ሳሙናው ውስጥ ይቀርና ቆዳ ያቃጥላል። ስለዚህ ለ1 ኪሎ ሞራ 130 ግራም ሶዳ ማድረጉ ይመረጣል። ሳይለወጥ የሚተርፈው ጥቂት ስብ ለቆዳ ልስላሴ ይሰጣል፤ ትንሽ የሚዛን ስህተትም ይችላል። የበግና የፍየል ሞራ የሚፈልገው ሶዳ ከበሬው በጥቂቱ ስለሚያንስ ይኸው ልክ ለእነሱም ይሆናል። በሲኒ ወይም በማንኪያ መስፈር ግን አይቻልም፤ የሶዳው ቅንጣት ደቃቅና ትልቅ ሲሆን በአንድ ሲኒ የሚይዘው ክብደት ይለያያል።

ሞራ ብቻውን ጠንካራ ሳሙና ይሰጣል፤ አረፋው ግን ጥቂት ነው። በኬንያና በታንዛኒያ የባሕር ጠረፍ የሚመረተው ዓይነት የኮኮናት ዘይት አረፋ ይጨምራል። ዘይቱ ከሞራ የበለጠ ሶዳ ስለሚፈልግ፣ ለ800 ግራም ሞራና ለ200 ግራም የኮኮናት ዘይት ሶዳው 138 ግራም ይሆናል። ስቡ ሲቀየር ሂሳቡም አብሮ ይቀየራል።

ሞራውን ማዘጋጀት

ሞራው በሐኪም ከተመረመረ እርድ የመጣ ይሁን። ታሞ የሞተ ከብት ስብ ለዚህ ሥራ አይነካም። በተለይ አባ ሰንጋ የተጠረጠረ ከብት ጨርሶ መከፈት የለበትም፤ የበሽታው ዘር ማፍላትን ይቋቋማል።

ሥጋውንና ደሙን አስወግደው ሞራውን በትንንሹ ይክተፉ። ውሃና ጥቂት ጨው ጨምረው በለዘብተኛ እሳት ያቅልጡት፤ በጥቅጥቅ ጨርቅ አጥልለው ያቀዝቅዙት። ስቡ ከላይ ይረጋል፣ ቆሻሻው ከሥር ይቀራል። የረጋውን አንሥተው ሥሩን ይፋቁ፤ ሽታው ካልለቀቀ በአዲስ ውሃ ይድገሙት። በመጨረሻም ያለ ውሃ አቅልጠው መንጣጣቱን እስኪያቆም ድረስ እርጥበቱን ያትንኑ። በደንብ የደረቀ ሞራ በተከደነ ዕቃና በቀዝቃዛ ቦታ ለወራት ስለሚቆይ፣ በበዓል ሰሞን የተገዛው እርድ በሚቀንስበት የጾም ወቅት ይሠራል። ሚዛን ላይ የሚወጣው ይህ የነጠረው ሞራ ነው፤ በጥሬው ተመዝኖ ከሆነ ሶዳው ይበዛል።

አቀቃቀሉ

አብዛኛው ቤት ያለው የአሉሚኒየም ድስት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፣ ተቀጣጣይ የሆነ የሃይድሮጂን ጋዝም ያወጣል። የማይዝግ የብረት ድስት ይጠቀሙ፤ ድብልቁ ስለሚገነፍል ከግማሽ በላይ አይሙሉት።

350 ግራም ቀዝቃዛ ውሃ በሌላ የማይዝግ ዕቃ ይመዝኑ። 130 ግራሙን ሶዳ ጥቂት በጥቂት ወደ ውሃው ይጨምሩ፤ ውሃ በሶዳ ላይ ከፈሰሰ ፈልቶ ይፈናጠራል። ውህዱ በራሱ በጣም ስለሚግልና የሚያፍን ጢስ ስለሚያወጣ ሥራው ደጅ ይሁን። ከዚያ በቀለጠው 1 ኪሎ ሞራ ላይ በቀስታ እያፈሰሱ ያማስሉ።

ድብልቁ መጀመሪያ እንደ አጥሚት ይወፍራል። ድስቱን የፈላ ውሃ በያዘ ትልቅ ድስት ውስጥ አስቀምጠው፣ ከድነው፣ በየ15 ደቂቃው እያማሰሉ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ያብስሉ። እየቆየ እንደ ገንፎ ይሆናል፤ ሲበስል ነጭነቱ ጠፍቶ እንደ ቫዝሊን ያብለጨልጫል።

ይህ ዘዴ ከቀዝቃዛው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሳይበስል የሚሠራ ሳሙና ለሳምንታት ይቀመጣል፤ የበሰለው ግን ከእሳት ሳይወርድ ሊፈተሽ ይችላል። ጥቂት ቆንጥረው በውሃ ያሟሙና የፒኤች ወረቀት ይንከሩበት። 9 ወይም 10 ካሳየ ደርሷል። ከ11 በላይ ከሆነ ጥቂት ይጨምሩለት፤ ከዚያም በኋላ ካልወረደ ሶዳው በዝቷልና ትንሽ የቀለጠ ሞራ ጨምረው እንደገና ያብስሉ። ይህን ያላለፈ ሳሙና ለሽያጭ አይውጣ።

የደረሰውን ላስቲክ በተነጠፈበት የእንጨት ሳጥን ውስጥ ገልብጠው ይጫኑት፤ በማግስቱ ይቁረጡት። ወዲያው ያገለግላል፤ ሆኖም 2 ወይም 3 ሳምንት አየር ላይ ቢቆይ ይጠነክራል፣ ቶሎም አያልቅም። ሲደርቅ ክብደቱ ስለሚቀንስ ከ1 ኪሎ ሞራ ባለ 100 ግራም 12 ያህል ሳሙና ብቻ ይጠብቁ። ዋጋ ሲያወጡም በደረቀው ክብደት ያስሉ።

ስለ ሶዳው ጥንቃቄ

ሲገዙ ዕቃው ላይ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሚል ጽሑፍ መኖሩን ያረጋግጡ። የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ሌላ ነገር ነው፤ የቱቦ መክፈቻ ተብሎ የሚሸጠውም አሉሚኒየም ሊኖረው ይችላል። ክፍት የቆየ ሶዳ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ክብደቱ አይታመንም።

የዓይን መከላከያ መነጽር፣ የላስቲክ ጓንትና እጅጌው ረጅም ልብስ ሳይለብሱ አይጀምሩ። ሶዳው ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ወዲያው በሚፈስ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፤ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ አያድርጉበት። ዓይን ከሆነ ሳይዘገዩ ሕክምና ይሂዱ። የተበጠበጠ ሶዳ ውሃ ስለሚመስል በለስላሳ ወይም በውሃ ጠርሙስ ፈጽሞ አያስቀምጡ፤ ልጅ አንዴ ከተጎነጨው ጉሮሮውን ያቃጥለዋል። የዋጠ ሰው እንዲያስመልስ አይገደድም፤ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ለእያንዳንዱ ቅቅል የሞራውን፣ የሶዳውንና የውሃውን ክብደት ከቀኑ ጋር በደብተር ይመዝግቡ። አንድ ደንበኛ ሳሙናው አሳከከኝ ብሎ ሲመጣ የትኛው ቅቅል ከገበያ መሰብሰብ እንዳለበት የሚታወቀው ከዚያ ደብተር ነው።