በጥቅምት የሚሰጥ ፍርድ

መስቀል አልፎ፥ የክረምቱ ጭቃ ደርቆ፥ ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ሲመለሱ፥ በልደታ ሠፈራችን አንድ ሌላ ትምህርት አብሮ ይከፈታል። ይኸውም የእግር ኳስ ወቅት ነው። በዚያን ሰሞን በታክሲ ተራ የሚጠብቀው ጎልማሳ፥ በሻይ ቤት የተቀመጠው ሠራተኛ፥ በጋራ መኖሪያ ቤቶች ደጃፍ የተሰበሰበው ልጅ ሁሉ የሚጠያየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ዘንድሮ ቡድናችን ምን ይሆናል?» ይላል። ሦስት ጨዋታ ሳይሞላም መልሱ ይሰጣል። ያሸነፈው ቡድን ዋንጫውን እንደ ወሰደ ይቈጠራል፤ የተሸነፈው ደግሞ «አሠልጣኙ ይነሣ፥ ተጫዋቾቹ ይባረሩ» ይባልበታል። ውድ አንባቢያን ሆይ፥ ዛሬ ልንነጋገር የወደድነው በጥቅምት ስለሚሰጠው ስለዚህ ችኩል ፍርድ ነው።

ምናልባት «የኳስ ነገር ለቤተ ሰብ መጽሔት ምኑ ነው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው፤ ነገሩ ከቤታችን ገብቶአልና ነው። በጎረቤታችን አባት የቅዱስ ጊዮርጊስ፥ ልጅ የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊዎች ናቸው። ሁለቱ ቡድኖች በተጋጠሙ ማግሥት አባትና ልጅ በአንድ ገበታ ቀርበው ቃል ሳይለዋወጡ ሲበሉ በዓይናችን አይተናል። እኛም ብንሆን ከዚህ ነገር ንጹሓን አይደለንም። ከልጅነታችን ጀምሮ የፈረሰኞቹን ቡድን የምንከተል ስለ ሆንን፥ የምንጽፈው ከውጭ ቆመን በመታዘብ አይደለም።

በልጅነታችን ወቅቱ ሲከፈት ከልደታ ተነሥተን፥ በተግባረ እድ ትምህርት ቤት በኩል አልፈን፥ ሜክሲኮን ተሻግረን፥ በለገሃር አድርገን እስከ አዲስ አበባ ስታዲየም በእግራችን እንሄድ ነበር። መንገዱ ራሱ ግማሽ ጨዋታ ነበር። ከስታዲየሙም ደርሰን ስንቀመጥ በአጠገባችን ሁልጊዜ አንድ ሸምገል ያለ ደጋፊ አይጠፋም። ቡድኑ ጎል ሲገባበት እኛ ልጆቹ ስንጮኽ እርሱ ግን፥ «ልጆች፥ ገና መጀመሪያው ነው፤ እስኪ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ» ይለን ነበር። ትዕግሥት የሚባለውን ነገር ከመጽሐፍ በፊት ያስተማረን እርሱ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች በአንድ ከተማ እየተሰበሰቡ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፥ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር፥ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐዋሳ እየተዘዋወሩ መጫወት ጀመሩ፤ ጨዋታውም በቴሌቪዥን ይተላለፍ ጀመር። የአዲስ አበባው ስታዲየም ለእድሳት በተዘጋባቸው ዓመታት የልደታ ደጋፊ ቡድኑን የሚያየው በመስኮተ ትርኢት ብቻ ሆነ። ቴሌቪዥኑ ጨዋታውን አመጣልን፤ ያንን ሽማግሌ ግን አላመጣልንም። ዛሬ ልጁ ለብቻው ተቀምጦ፥ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል፥ የሚያየውም ውጤቱን ብቻ ሆኖ፥ ወዲያው ይፈርዳል።

የራሳችንን በደል ካልተናገርን ምክራችን ግብዝነት ይሆናል። ከዓመታት በፊት ቡድናችን በወቅቱ መጀመሪያ ነጥብ ደጋግሞ ጣለ። እኛም በማግሥቱ ክፍል ገብተን፥ ትምህርቱን ከመጀመራችን በፊት፥ «ይህ ቡድን ዘንድሮ አይረባም፤ አሠልጣኙም ሥራውን አያውቅም» ብለን በተማሪዎቻችን ፊት ተናገርን። ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ቡድኑ ከሁሉ በላይ ሆኖ ተገኘ። በሰኔ ወር ከፈተና ወረቀት እርማት በኋላ አንድ ተማሪ እጁን አወጣና፥ «መምህር፥ በመጀመሪያው ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ባመጣሁ ጊዜ ‹ዓመቱ ገና ነው› ብለው አጽናንተውኝ ነበር። ለአሠልጣኙ ግን ለምን እንዲህ አላሉም?» ብሎ ጠየቀን። የምንመልሰው አጣን። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው የአባቶች ብሂል የተነገረው ለእኛ ሆነ።

እስቲ ነገሩን በሒሳብ እንየው። ሊጉ በ16 ክለቦች በሚካሄድበት ጊዜ እያንዳንዱ ክለብ ከ15ቱ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ስለሚጋጠም 30 ጨዋታ ይጫወታል። ለአንድ ድል ሦስት ነጥብ ስለሚሰጥ በጠቅላላው የሚገኘው 90 ነጥብ ነው። እንግዲህ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች የተሸነፈ ቡድን ያጣው ዘጠኝ ነጥብ፥ ይኸውም ከአሥር አንዱን እጅ ነው። የቀረው ዘጠኝ እጅ ገና በፊቱ አለ። በሦስቱ ያሸነፈውም ያገኘው ያንኑ አንድ እጅ ብቻ ነው።

ከቍጥሩም ሌላ ምክንያት አለ። በወቅቱ መጀመሪያ አዲስ የመጡት ተጫዋቾች ከነባሮቹ ጋር ገና አልተዋወቁም፤ ማን ኳስ በየት በኩል እንደሚወድ፥ ማን ፈጥኖ እንደሚሮጥ የሚታወቀው አብሮ በመጫወት ነው። ያለፈው ዓመት አሸናፊ ደግሞ በዚያው ሰሞን ለአፍሪካ ክለቦች ማጣሪያ ወደ ውጭ አገር ደርሶ ደክሞ ይመለሳል። እንዲሁም አንዱ ቡድን በመጀመሪያ ከብርቱዎቹ ጋር ሲደርሰው፥ ሌላው ከደካሞቹ ጋር ይጋጠማል። ሠንጠረዡ ግን ይህን ሁሉ አይናገርም፤ የሚናገረው ነጥቡን ብቻ ነው።

የክለቦቻችን ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በአራዳ ወጣቶች የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. ነው። ይህ ዓመት ምን ዓይነት ዓመት እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን የወረረበት ነው። ስለዚህ የዚያ ቡድን የመጀመሪያ ወቅት ጦርነት ነበር። በወረራው ዘመን ስሙ እንኳ ተቀምቶ «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» ተባለ። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው ስለ ክለቡ ተስፋ ቢጠየቅ ምን ሊመልስ ይችል ነበር? ነገር ግን ከነጻነት በኋላ ስሙን መልሶ ያዘ፤ ከእርሱም እንደ ይድነቃቸው ተሰማ ያለ ሰው ወጣ፤ እርሱም ኋላ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ አገልግሎአል።

የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊዎችም ትዕግሥትን በገንዘባቸው ሳይሆን በዕድሜያቸው ገዝተውታል። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ዋንጫውን ያነሡት በ2003 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዕለት ካለቀሱት ደጋፊዎች መካከል ሊጉ ሲጀመር ገና በእናታቸው ጀርባ የነበሩ ይገኙባቸዋል። በሌላው በኩል ጅማ አባ ጅፋር ወደ ሊጉ በገባ በመጀመሪያው ዓመት፥ በ2010 ዓ.ም.፥ ማንም ሳያስበው ዋንጫውን ወሰደ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም በ2016 ዓ.ም. ከታችኛው ሊግ በተመለሰበት በዚያው ዓመት አሸናፊ ሆነ። በጥቅምት ወር ይህን የተነበየ ሰው በሠፈራችን አልሰማንም።

ስለ ብሔራዊ ቡድናችንም አንድ ቀን እናስታውስ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በተደረገ ጊዜ ኢትዮጵያ በግብፅ ሁለት ጊዜ ተመርታ ነበር። በሉቻኖ ቫሳሎ የሚመራው ቡድን ግን ሁለቱንም ጊዜ አቻ ሆኖ፥ በተጨማሪው ሰዓት በኢታሎ ቫሳሎና በመንግሥቱ ወርቁ ጎሎች 4 ለ 2 አሸነፈ። ልክ በ51ኛው ዓመት፥ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፥ ቡድናችን ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋር ተጋጠመ። በረኛው በቀይ ካርድ ወጥቶበት፥ በአሥር ሰው ቀርቶ፥ በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ተለያየ። በዚያች ሌሊት ከተማው ዋንጫውን እንደ ያዘ ያህል ጨፈረ። በቀጣዮቹ ጨዋታዎች ግን በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፥ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፈን ተመለስን። የመጀመሪያው ቀን ደስታ ሐሰት አልነበረም፤ ሐሰቱ ከእርሱ የደረስንበት ድምዳሜ ነበር።

ይህ ጠባይ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ የሚኖረው የእኅታችን ልጅ እንደ ነገረን፥ በዚያ የኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ወቅት በኅዳር ገደማ ሲከፈት ተማሪውም ሽማግሌውም እንደ እኛ ሠፈር ሰው ይሆናል። ጨዋታው የተፈጠረው በታኅሣሥ 1884 ዓ.ም. ነው፤ ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል አስተማሪ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ሁለት የኮክ መሰብሰቢያ ቅርጫቶች ሰቅሎ ተማሪዎቹን አጫወታቸው። ዛሬ በወቅቱ መጨረሻ 68 ኮሌጆች ለዋንጫ ይወዳደራሉ።

መጋቢት 7 ቀን 2010 ዓ.ም. ከሁሉ የበላይ ተብሎ የተመደበው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ከዝቅተኛው ደረጃ በመጣው በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የባልቲሞር ካውንቲ ቡድን 74 ለ 54 ተሸነፈ። በወንዶች ውድድር አንደኛ የተመደበ በ16ኛ ሲሸነፍ ያ የመጀመሪያው ነበር። ደጋፊው በሐፍረት አንገቱን ደፋ። በአዲሱ ወቅት መጀመሪያ ስለዚያ ቡድን ተስፋ የሚናገር ሰው ሁሉ በዚያች ሌሊት ይሣቅበት ነበር። አሠልጣኙ ቶኒ ቤኔት ግን በሥራው ቆየ፤ በዓመቱም መጋቢት 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ያው ቡድን ቴክሳስ ቴክን 85 ለ 77 አሸንፎ የአገሩን ዋንጫ ወሰደ። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩት በእነዚህ በሁለቱ ግዛቶች ስለ ሆነ፥ በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ሲያዝን ሌላው እንደ ሣቀ የእኅታችን ልጅ አጫውቶናል።

አሁን ወደሚያሳስበን ዋና ነገር እንመለስ። ችኩል ፍርድ በአፍ ብቻ በቀረ ጊዜ ጉዳቱ ትንሽ ነበር። ዛሬ ግን ፍርዱ በገንዘብ ይገዛል። ከተማሪዎቻችን አንዱ፥ ቡድኑ በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ስላሸነፈ፥ «ይህ ቡድን አይሸነፍም» ብሎ እናቱ ለመጻሕፍት መግዣ የሰጠችውን ገንዘብ በውርርድ ቤት አስይዞ በአንድ ከሰዓት በኋላ አጣው። እናቱ የጉልት ነጋዴ ናት። ልጁ ገንዘቡን ከማጣቱ ይልቅ የጎዳው፥ ከዚያ በኋላ የሚወደውን ቡድን ማየት አለመቻሉ ነው። ተጫዋቹ ኳስ ሲስት የሚታየው የእናቱ ብር ሆነ። ውርርድ ሲገባ የደጋፊ ተስፋ ወደ ባለ ዕዳ ጭንቀት ይለወጣል።

እንግዲህ ወላጆች ምን እናድርግ? ልጁን ከኳስ መከልከል መፍትሔ አይመስለንም። ይልቅስ አብረነው እንቀመጥ፤ የዚያን የስታዲየም ሽማግሌ ስፍራ እንያዝ። በጥቅምት ወር «አሸነፉ ወይስ ተሸነፉ?» ከማለት በፊት ሌላ ጥያቄ እናስለምደው፤ ተከላካዮቹ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉን? ቡድኑ በሁለተኛው አጋማሽ ይደክማልን? ጎል ሲገባበት ይበረታልን ወይስ ይበተናልን? ታዳጊ ተጫዋች ተሳስቶ ሲወቀስ በሚቀጥለው ጨዋታ ይሰለፋልን? ከእነዚህ የሚገኘው መልስ ከሠንጠረዡ ይልቅ ስለ ዓመቱ ፍጻሜ ይናገራል።

ከላይ የጠቀስናቸው ጎረቤታችን ይህን ማድረግ ጀምረዋል። ባለፈው ጨዋታ ማግሥት በደጃፋቸው ስናልፍ አባትና ልጅ በከፍተኛ ድምፅ ሲከራከሩ ሰማን። ጠብ መስሎን ቆም አልን። የሚከራከሩት ግን በአንድ ግራ ተከላካይ ጕዳይ ነበር፤ እንጀራውም በመካከላቸው ቀርቦ፥ ሁለቱም እየበሉ ነበር።