«የክረምት የዋና ልብስ»፦ ስለ አንድ አሳሳች ስያሜ

ከውጭ ቋንቋዎች ወደ አማርኛ በሚመለሱ የዋና መመሪያዎችና የልብስ መግለጫዎች ውስጥ «የክረምት የዋና ልብስ» የሚለው ሐረግ አልፎ አልፎ ያጋጥመናል። ሐረጉ ላይ ላዩን ሲታይ እንከን የለበትም። የእንግሊዝኛው «ዊንተር» በመዝገበ ቃላት «ክረምት» ተብሎ ስለሚፈታ፣ ተርጓሚው ኀላፊነቱን የተወጣ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ሐረጉን በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የምትኖር አንዲት እናት ብታነበው ምን እንደምትረዳ እናስብ። ለእርስዋ ክረምት ማለት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፣ ልጅዋን ዋና እንዲማር የምታስመዘግብበት ሐምሌና ነሐሴ ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ ደራሲ ግን ያሰበው ታኅሣሥን፣ ጥርንና የካቲትን ነበር። ይኸው መመሪያ «ለበጋ ስስ ልብስ ይበቃል» የሚል ምክር ቢጨምርበት፣ እናቲቱ ልጅዋን በታኅሣሥ ማለዳ በስስ ልብስ ወደ ገንዳ ይዛ ትወርዳለች። ስሕተቱ የቃል ቢሆንም የሚንቀጠቀጠው ሕፃኑ ነው።

«ዊንተር»ንና «ክረምት»ን ማስተካከል የተለመደው ያለ ምክንያት አይደለም። በመጻሕፍተ ብሉያትና ሐዲሳት ትርጉም ክረምት የቅዝቃዜውንም የዝናሙንም ጊዜ አጠቃሎ ይዟል፤ መጻሕፍቱ በተጻፉበት በምድረ እስራኤል ሁለቱ በአንድ ወቅት ስለሚመጡ አቻነቱ እዚያ ላይ ልክ ነበር። ወደ ሰሜን አውሮፓ ስንሻገር ግን የወቅቱ መለያ ዝናም መሆኑ ቀርቶ በረዶና ውርጭ ይሆናል። ቃሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከቃሉ በስተጀርባ ያለው ሰማይ ነው።

በሀገራችን የዘመን ቈጠራ ሥርዓት ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ሲሆን፣ መፀው እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ እስከ ሰኔ 25 ይዘልቃሉ። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ደግሞ ዓመቱን በሦስት ይከፍሉታል፤ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት። በሁለቱም አከፋፈል የክረምት መለያው ዝናም ነው። በአዲስ አበባ ደመናው ፀሐይን ስለሚጋርድ የክረምት ቀን ይቀዘቅዛል፤ ሌሊቱ ግን በዚያው ደመና ምክንያት ሙቀቱን በጥቂቱም ቢሆን ይይዛል። ከኅዳር እስከ ጥር ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰማዩ ጥርት ሲል ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱና ማለዳው ግን ከዓመቱ ሁሉ ብርዳም ይሆናሉ። በጋ ብርድ የለውም የሚል ሰው ካለ፣ በጥር 11 ማለዳ በጎንደር ፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ ዘለው የሚገቡትን ወጣቶች ሲወጡ ይጠይቃቸው።

እንግዲህ «ዊንተር» ወቅቱን ለመሰየም ብቻ ሲገባ ምን እንበለው? «ወቅተ ቍር» የሚል ሐሳብ ሊቀርብ ይችላል፤ ከግእዝ የተወሰደ በመሆኑ ክብደት አለው፤ ነገር ግን ለተራው አንባቢ ቍር ከብርዱ ይልቅ የወታደሩን የራስ ቍር ያስታውሰዋል። እኛ «የብርድ ወራት» የሚለውን እንመርጣለን። የትኛውም ሀገር የራሱን ወራት ሊያስገባበት ስለሚችል ተርጓሚውን ከቀን መቍጠሪያ እስራት ያወጣዋል። ስቶክሆልም ወይም ዋሽንግተን ለሚኖር ኢትዮጵያዊም ያገለግላል፤ እርሱ «ክረምት» ሲል አዲስ አበባ ያለችው እኅቱ ሌላ ወራት እንደምታስብ ያውቃልና።

«ብርድ»ን ከ«ቅዝቃዜ» ለይተን መያዛችንም ያለ ነገር አይደለም። አማርኛ ሁለቱን በሚገባ ይለያል። ቅዝቃዜ የነገሩ ጠባይ ነው፤ ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው እንላለን። ብርድ ግን ሰውነት የሚቀበለው ነው፤ «በረደኝ» ስንል ባለቤቱ ሳይታወቅ ተናጋሪው ተሳቢ ሆኖ ይቀርባል። ግሡ ለነገር ሲነገር ፍቺው ይለያል፤ «ሻዩ በረደ» ማለት የነበረውን ሙቀት አጣ ማለት ነው፤ «ጠቡ በረደ» የሚለውም ከዚሁ የወጣ ነው። ከብርድ አልፎ ጣትን አላዝዝ የሚያሰኘውን ደረጃ ደግሞ «ቆፈን» እንለዋለን፤ ለዋና አስተማሪ ከዚህ የተሻለ የማስጠንቀቂያ ቃል አናውቅም። ልብስ የውኃውን ቅዝቃዜ አይለውጥም፤ የሚከላከለው ብርድን ነው። ስለዚህ የወል ስያሜው «ብርድ መከላከያ የዋና ልብስ» ቢሆን ከነገሩ ጋር ይስማማል።

ልብሱን መምረጥ ግን ከወራቱ ይልቅ በውኃው ይወሰናል። እዚህ ላይ ካዛንቺስና አካባቢው ጥሩ ምሳሌ ይሰጡናል። በ1969 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሂልተን ሆቴል መዋኛ የሚታወቀው ከከርሰ ምድር በሚወጣ ፍል ውኃ በመሞቁ ነው፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ዝቅ ሲባል ከተማዋ ስትቈረቈር እቴጌ ጣይቱን የሳበው ፍልውኃ ይገኛል። በእንዲህ ያለ ሙቅ ውኃ የሚዋኝ ሰው ብርድ የሚያገኘው ሲወጣ ነው። የበጋው ደረቅ አየር በገላውና በልብሱ ላይ የቀረውን ውኃ ሲያተን ሙቀቱን ይዞበት ይሄዳል። ለእርሱ የሚስማማው ውኃ የማይቋጥር፣ ቶሎ የሚደርቅ የናይለን ወይም የፖሊስተር ልብስ ነው፤ የጥጥ ቁምጣና ካናቴራ ውኃ ጠጥተው ስለሚከብዱ ብርዱን ያራዝሙበታል። ከገንዳው ዳር ፎጣና ጋቢ ማስቀመጥም ከልብሱ ያላነሰ ጥቅም አለው። ባልሞቀ ገንዳ ለሚዋኝ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ውኃ ከአየር ይልቅ ከሃያ ጊዜ በላይ ሙቀትን ስለሚያስተላልፍ፣ ገላን አጥብቆ የሚይዝና እጅጌ ያለው ልብስ ያስፈልገዋል።

በዚህ ጊዜ «ዌትሱት» የሚባለው ልብስ ይመጣል፤ ተርጓሚዎችን የሚያደናግረውም እርሱ ነው። «እርጥብ ልብስ» ተብሎ ሲተረጐም አንባቢው ከገመድ ላይ ያልደረቀ ልብስ ይታየዋል። ጓደኛው «ድራይሱት» «ደረቅ ልብስ» ሲባል ደግሞ ፍቺ አልባ ይሆናል፤ የትኛው ልብስ ነው ሳይለበስ ደረቅ ያልሆነው? ዌትሱትን በ1952 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሂዩ ብራድነር ነው። የልብሱ ምስጢር ኒዮፕሪን በሚባለው ስፖንጅ መሰል ላስቲክ ውስጥ በታሰሩት ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ላይ ነው። በልብሱና በገላው መካከል የሚገባው ስስ ውኃ ቦታውን ሳይለቅ ይሞቃል፤ ሙቀቱን የሚያግደው ግን ላስቲኩ ነው። እርጥበቱ ተከታይ እንጂ ምክንያት ስላልሆነ በእርጥበቱ መሰየም ከሳይንሱም ጋር አይገጥምም። «የኒዮፕሪን የዋና ልብስ» ማለት ይሻላል፤ ለድራይሱትም «ውኃ የማያስገባ የዋና ልብስ»። ይህንኑ የኒዮፕሪን ልብስ በሙቅ መዋኛ የሚለብስ ሰው እንደሚጨነቅ በፍቺው ላይ መጨመር ይገባል።

ኒዮፕሪን ባዕድ ቃል ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። «ካዛንቺስ» ራሱ የኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞችን ቤት ይሠራ ከነበረው ከ«ኢንቺስ» ምሕጻረ ቃል ጋር «ካዛ» ተጋጥሞ የመጣ ነው። በ2017 ዓ.ም. ብዙዎቹ የሰፈሩ ነባር ቤቶች ሲፈርሱም ስሙ ግን አማርኛ ሆኖ ቀርቷል። «ቢኪኒ»ም ከ1946 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከአንዲት የፓስፊክ ደሴት ስም የተወሰደ ሲሆን፣ ሌሎች «ቢ» የሚለውን «ሁለት» ነው ብለው ቈርጠው «ሞኖኪኒ» ፈጥረዋል፤ ገላን የሚሸፍነው «ቡርኪኒ» ደግሞ ከ«ቡርቃ» ጋር ተዳቅሎ ወጥቷል። ሕዝብ የተቀበለውን ውሰት መጋፋት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አሳሳቹን መለየት ነው።

ስለ «ዋና» አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ ውኃ ላይ የሚዋኙት ዋናና አለቃ የሆነው ዋና በጽሑፍ አንድ ናቸው። «ዋና ልብስ» ብሎ የጻፈ ሰው ምን እንዳለ አይታወቅም፤ «የ»ን አለመዘንጋት ወይም «የመዋኛ ልብስ» ማለት ያድናል።

በመዝገበ ቃላት ሊገባ የሚችለውን ፍቺ እንዲህ ብናቀርበው፦ ብርድ መከላከያ የዋና ልብስ (ስም)፤ በቀዝቃዛ ውኃ ወይም በብርዳም አየር የሚዋኝ ሰው የገላውን ሙቀት ለመጠበቅ የሚለብሰው፣ ገላን አጥብቆ የሚይዝ ልብስ፤ በየትኛውም ወቅት ይለበሳል።