ወደ ጅዳ አጭሩ መንገድ

ከኩታበር ተነሥቶ ጅዳ የሚሄድ ሰው ጉዞውን የሚጀምረው ወደ ኋላው ነው። ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ከተጓዘ በኋላ፣ ከቦሌ የሚነሣው አውሮፕላን ወደ ሰሜን ይመልሰዋል። አዲስ አበባ፣ አስመራና ጅዳ በካርታው ላይ ከታች ወደ ላይ በአንድ መስመር የተሰለፉ ያህል ናቸው። ስለዚህ አጭሩ መንገድ በወሎ ቦረና ሰማይ፣ በትግራይና በኤርትራ አልፎ ቀይ ባሕርን ይሻገራል።

ሰማይ ግን ባለቤት አለው። በግንቦት 1990 ዓ.ም የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ ይህ መንገድ ተዘጋ፤ የኛ አውሮፕላኖችም 20 ዓመት ያህል በጅቡቲ ወይም በሱዳን በኩል ሲዞሩ ኖሩ። የአስመራ በረራ የተመለሰው ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም ነው። ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር እንዳለፈ በትግራይ ጦርነት የሰሜን ኢትዮጵያ ሰማይ ተዘጋ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ደግሞ ተራው የሱዳን ሆነ፤ ወደ አውሮፓ የሚበሩትም ወደ ቀይ ባሕር ተገፉ። በእኔ ግምት በኛ አካባቢ የአብራሪን መንገድ ከተራራና ከነፋስ ይልቅ የጎረቤት ጠብ ያጣምመዋል። ለነገሩ ሌላውም ዓለም ከዚህ አላመለጠም፦ ሩሲያ በ2014 ዓ.ም ሰማይዋን ለአውሮፓ አየር መንገዶች ስትዘጋ፣ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅ የነበረው የሄልሲንኪና የቶኪዮ በረራ ወደ 13 ሰዓት ረዘመ።

ዙር መስሎ የሚታይ፣ ግን ያን ያህል ያልሆነም አለ። አየር መንገዳችን ወደ ዋሽንግተን ሲበር ለዓመታት ደብሊን ያርፍ ነበር። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ላየው ሰው አየርላንድ ከመንገዱ እጅግ የራቀች ናት። ምድር ክብ ናትና በሉል ላይ ክር ወጥረን ብንለካ ግን፣ የደብሊኑ ጉዞ ከቀጥታው የሚረዝመው ከ300 ኪሎ ሜትር ባነሰ ነው። ቀጥታው ክር ደግሞ የሚያልፈው በሱዳንና በሊቢያ ላይ ነው!

ሕጉም የራሱ ገመድ አለው። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን አንዱ ቢጠፋበት በተፈቀደለት ጊዜ የሚደርስበት ማረፊያ ያስፈልገዋል። ድሮ ገደቡ 60 ደቂቃ ነበር፤ ዛሬ ለቦይንግ 787 እስከ 330 ደቂቃ ስለሚፈቀድ ውቅያኖስን መዞር ቀርቷል ማለት ይቻላል።

ወደ ደብሊን እንመለስና፣ እዚያ ይታረፍ የነበረው ለነዳጅ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉም ሞተሩም እንደ ቆላው አይበረቱም። ስለዚህ አውሮፕላኑ መንገደኛና ጭነት ሳይቀንስ አሜሪካ የሚያደርሰውን ነዳጅ ሞልቶ መነሣት ይከብደዋል። የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከላይ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ሲሄድ ደብሊን ያርፍ የነበረው መንገደኛ ሲመለስ አንድ ጊዜም ሳያርፍ ቦሌ ይደርስ የነበረው ለዚህ ነው።