«እርጅና ነው» ከማለትዎ በፊት

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ተገኝተው ያውቃሉ? በአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ላይ ጸጉራቸው የነጣ አባቶች ያጌጠ ፈረስ ሲጋልቡ ያየ ሰው ስለ ዕድሜ ያለው ግምት መለወጡ አይቀርም። ሁሉም ሽማግሌ ይጋልብ ማለቴ አይደለም። ግን እናትዎ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መመለስ ሲያቅታቸው «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ መተው መቸኮል ነው።

ዋናው መለያ ጊዜ ነው። እርጅና በዓመታት ቀስ እያለ ይመጣል፤ ሕመም ብዙውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት። ባለፈው ወር ዳንግላ ገበያ ወጥተው የተመለሱ አባት ዛሬ ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ከተቀመጡ፣ በአንድ ወር አላረጁም፤ ሐኪም ልባቸውን፣ ሳንባቸውንና ደማቸውን ይይላቸው። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ሌሊትና ቀኑ ከተምታታባቸው ደግሞ ለነገ አይባልም። የሳንባ ምች ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በአረጋውያን ላይ ያለ ትኩሳት፣ በመቃዠት ብቻ ሊገለጥ ይችላል። አዲስ የተጀመረ መድኃኒትም እንዲሁ።

መርሳትስ? የሰው ስም ጠፍቶባቸው ቆይቶ ቢመጣላቸው አያስጨንቅም። ዕድሜ ልክ በተመላለሱበት መንገድ ቤታቸው ከጠፋባቸው ግን ምርመራ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ በአውንጊ ላደጉ፣ ፊደል ላልቆጠሩ እናት በአማርኛ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ የማስታወስ ችሎታቸውን በትክክል አይለካም። በቋንቋቸው፣ የትኛው ጾም ላይ እንዳለን ቢጠየቁ ይሻላል። አብረው ይግቡና ያስተርጉሙላቸው።

የዕድሜ የሆነው ሁሉም ቢሆን አይታከምም ማለት አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት፣ በኢትዮጵያ ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ መንስኤው የዓይን ሞራ መሆኑ ታውቋል። ሞራ ከዕድሜ ጋር ይመጣል፤ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ሳይፈልጉ መክሳት ግን የዕድሜ ጸባይ አይደለም። ቀሚሳቸው ሰፍቷቸው ካዩ ዝም አይበሉ።

ለምርመራ ሲሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጭምር፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ።

ከሩቅ ሆነው በስልክ የሚጠይቁ ከሆነ «ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ከሚለው መልስ አያልፉም። ይልቅስ «እማዬ፣ ትናንት ከቤት ወጥተሻል? ምን በላሽ? ስትተኚ ስንት ትራስ ትደርቢያለሽ?» ይበሉ። በአንድ ትራስ ይተኙ የነበሩት እናት አሁን ሦስት ካልደረቡ የሚያፍናቸው ከሆነ፣ ልባቸው እየደከመ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሳምንት ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው።