የጾም ማዕድ በቤትና በምግብ ቤት

ጾም በገባ ቍጥር በየቤቱ «ዛሬ ደግሞ ምን ይሠራ?» የሚል ጥያቄ ይሰማል። ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም በውስጡ አንድ የተሳሳተ አሳብ ተሸሽጎበታል፤ ይኸውም የጾም ምግብ ማለት ከፍስክ ምግብ ላይ ሥጋው፣ ቅቤው፣ ወተቱና ዕንቍላሉ ተቀንሶ የቀረው ትራፊ ነው ብሎ ማሰብ ነው። እንደዚህ የሚያስብ ቤት ጾሙን ሁሉ በአንድ ዓይነት ሽሮ ይከርምና ፋሲካ ሲደርስ ከእስር የተፈታ ይመስለዋል። እኛ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ልንናገር የወደድነው፣ የጾም ማዕድ የራሱ ቅባት፣ የራሱ ኮምጣጣ፣ የራሱም ድካም ያለው ሙሉ ጥበብ ስለ መሆኑ ነው። ይህ ጥበብ በዘመናችን ከቤት እየወጣ ወደ ሱቅና ወደ ምግብ ቤት በመሄድ ላይ ስለ ሆነ፣ ተመጋቢው ከፊቱ የቀረበለትን መርምሮ ሊያውቅ ይገባዋል እንላለን።

አስቀድመን ቀኑን እንቍጠር። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የታወጁት አጽዋማት ሰባት ናቸው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ቀን እስከ ልደት ዋዜማ ነው፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ሁለት ሱባዔ ነው፤ የሐዋርያት ጾም እንደ ፋሲካው አዋዋል ይረዝማል፣ ያጥራልም፤ ነነዌ 3 ቀን ነው፤ ገሃድም አለ። በዚህ ላይ ከትንሣኤ ቀጥለው ካሉት 50 ቀናት በቀር ረቡዕና ዓርብ ዓመቱን ሙሉ ይጾማሉ። ይህ ሁሉ ቢደመር ለምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል ይሆናል። እንግዲህ አንድ ቤተ ሰብ የዓመቱን እኩሌታ የሚኖርበትን ምግብ ትራፊ ብሎ ሊጠራው እንዴት ይችላል? በ1887 እ.ኤ.አ. ለእንጦጦ ማርያም ምረቃ እቴጌ ጣይቱ ያዘጋጁት ግብር እስከ ዛሬ በታሪክ ይነገራል፤ ለሽሮው ግን ታሪክ የሚጽፍለት ብዙ አልተገኘም።

ቅቤ ሲከለከል ቅባት ሁሉ የተከለከለ አይደለም። አገራችን ኑግ የሚባል የራስዋ ዘር አላት፤ ከዚህም ሌላ ሱፍ፣ ተልባና ሰሊጥ አሉ። ከነዚህ ሁሉ እኛ የምናስበልጠው ሱፍን ነው። ሱፉ ተለቅሞና ሞቅ ተደርጎ ከተወቀጠ በኋላ በውሃ ተበጥብጦ በንጹሕ ጨርቅ ሲጠለል እንደ ወተት የነጣ ውሃ ይወጣዋል። በዚህ ላይ ጨው፣ ዝንጅብል፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ገብቶበት እንጀራ ሲፈተፈትበት፣ ቀኑን ሙሉ ሳይቀምስ ለዋለ ሰው ከእርሱ የተሻለ ለሆድ የሚለሰልስ ምግብ አናውቅም። ተልባ እንዲሁ ታምሶ፣ ተወቅጦና ተነፍቶ በበርበሬና በጨው ይበጠበጣል። ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ውሃ ተሠርቶ በሰናፍጭ የሚብላላው ስልጆ ደግሞ የጾሙ ኮምጣጣ ነው። ዛሬ ስልጆን በስሙ ብቻ የሚያውቁ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱም ስልጆ እስኪብላላ ድረስ ቀናት የሚጠብቅለት ሰው ይፈልጋል። የሽምብራ ዓሣም አለ፤ የሽምብራ ዱቄት በቅመም ተለውሶ በዓሣ መልክ ተቈርጦ በዘይት ከተጠበሰ በኋላ ቀይ ወጥ ውስጥ ይገባል። ጾም የሰለቸው ልጅ ያለበት ቤት ይህን ይሞክር።

አሁን ወደ ሽሮ እንመለስ፤ ምክንያቱም በሽሮ የሚቀልዱ ሰዎች ስለ አሠራሩ ያላቸው ዕውቀት ጥቂት ነው። ሽሮ ምድጃ ላይ የሚቆየው ጥቂት ጊዜ ስለ ሆነ ፈጣን ምግብ ይመስላል። ነገር ግን ሥራው የሚጀመረው ከወራት በፊት ነው። አተሩ፣ ባቄላውና ሽምብራው ይለቀማል፤ ይታመሳል፤ ይከካል፤ ገለባው ይበጠራል። ምጥን ሽሮ የሆነ እንደ ሆነ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ኮረሪማና አዝሙድ በልኩ ተመጥኖ ይገባበታል፤ ከዚያም በፀሐይ ደርቆ ይፈጫል። በዚህ ሁሉ መካከል አንዱ ነገር ቢጓደል በኋላ ድስት ላይ የሚያቃናው የለም። አተሩ ካረረ ሽሮው ይመርራል፤ ሳይበስል ከተፈጨ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ እርጥበት ይዞ ከተከተተ ይሻግታል። ባልትና ማለት ይህን ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ነው፤ አዋቂዋም ልኩን በእጅዋና በአፍንጫዋ እንጂ በሚዛን አትይዘውም። ስለዚህ እናቶችና አያቶች በሕይወት ሳሉ ልኩ በሚዛን ተለክቶ በወረቀት ቢጻፍ መልካም ነው፤ ይህንንም ወንዶች ልጆች ጭምር ቢማሩት ነውር የለበትም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምሥጢር በሽንኩርት ላይ ነው። የቅቤ ወጥ ጉድለቱን በቅቤው መዓዛ ሊሸፍን ይችላል፤ የጾም ወጥ ግን መሸፈኛ የለውም። ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ ዘይት ሳይነካው በደረቅ ድስት ይቍላላል፤ እንዳያር ውሃ ጠብ ጠብ ይደረግበታል፤ መልኩ ሲለወጥና ሲለሰልስ ዘይቱ ይገባል። በርበሬውም ጥሬ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ እየተማሰለ ይበስላል። የምስር ወጥ ሰሃን ላይ ውሃው ለብቻ፣ ምስሩ ለብቻ ሲለያይ ያየ ሰው ይህ ሥራ በችኰላ እንዳለፈ ይወቅ። ቤታቸው ሠራተኛ ያላቸው አንባቢዎቻችንም ይህን ያስቡበት፤ ለስድስት ሰዓት ምሳ በአምስት ሰዓት ተኩል ታዝዞ መልካም የጾም ወጥ አይገኝም።

ብዙዎቹ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ግን ምሳቸውን የሚበሉት ከቤት ውጭ ነው። በዐቢይ ጾም በደጋው አገር ከተሞች ሉካንዳ ቤቶች አብዛኛዎቹ ሲዘጉ የምግብ ቤቱ ሁሉ ተስፋ በያይነቱ ላይ ይወድቃል። በያይነቱ በእውነት የሚያምር ማዕድ ነው፤ በአንድ እንጀራ ላይ ቀዩ ምስር፣ ቢጫው ክክ አልጫ፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ፣ ፎሶሊያው፣ ድንቹና ሽሮው ተከብበው ይቀርባሉ። ዳሩ ግን ዓይን እንዳይታለል ጥቂት ምልክቶች እንናገር።

አስቀድማችሁ ክክ አልጫውን ቅመሱ። በርበሬ ስለሌለበት የወጥ ቤቱን እውነት የሚናገር እርሱ ነው፤ ክኩ ከለሰለሰ፣ እርዱ ካልመረረ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ከታወቀ ቀሪውን ያለ ሥጋት ብሉ። ቀጥሎ የእንጀራውን ዳር ተመልከቱ። ወጡ የተነሣበት ቦታ በዘይት ከራሰ ጣዕሙ በዘይት ብዛት የተገዛ ነው፤ ዘይቱም በዘመናችን ባብዛኛው ከውጭ አገር የሚገባውና ብርድ ሲነካው የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው። የሚረጋ ቅባት ለልብና ለደም ሥር እንደማይበጅ ሐኪሞች ይናገራሉ፤ ስለዚህ ለጤናዬ ብዬ ቅቤ ተውሁ የሚል ሰው ይህን ዘይት ያለ ልክ ቢበላ ብዙ አልተጠቀመም። ቦዘና ሽሮ ሥጋ ያለበት መሆኑንም አንዳንድ እንግዳ ሳያውቅ ያዝዛል። ከሁሉ የሚከፋው የማማሰያ ነገር ነው። በፍስክ ቀን ቅቤ የነካ ማማሰያና ድስት ሳይለይ በጾም ወጥ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ጿሚው ሳያውቅ ሕጉን ይተላለፋል። በደንበኛ ቤት እመቤቲቱ ከጾሙ ዋዜማ ዕቃዋን አጣጥባ ትለያለች፤ ከምግብ ቤት ባለቤትም ይህን መጠየቅ መድፈር አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ደግሞ ጧት የተሠራው ወጥ ለምሳ ሞቆ፣ ለእርሱም ዳግመኛ ሞቆ እንደሚቀርብለት አይርሳ፤ ጎመኑ መልኩን ያጠቈረበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

በውጭ አገርም ይህ ማዕድ ስም አግኝቷል። በእንግሊዝ አገር በ1944 እ.ኤ.አ. ከእንስሳ የተገኘ ምግብ ሁሉ የማይበሉ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው ራሳቸውን ቪጋን ብለው ሰየሙ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዋሽንግተን ከተማ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ሲከፈቱ፣ እንደዚህ ያሉ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ የሚበሉትን በአንድ ትሪ ላይ አገኙ። ለእነርሱ የጾሙ ወራት የለም፤ በያይነቱ ዘወትር አለላቸው። የኛን አያቶች ይህ ነገር ሳያስቃቸው አይቀርም ነበር።

ወደ ገበያው ነገር ስንመለስ ግን የሚያስቅ ነገር የለም። የተዘጋጀ ሽሮና በርበሬ የሚሸጡ የባልትና ቤቶች ለብዙ ሴቶች እንጀራ ሆነዋል፤ ጊዜ ያጣውንም ቤት ረድተዋል። ነገር ግን የተፈጨ እህል ምን እንደ ነበረ ከዱቄቱ ላይ ለማወቅ ያስቸግራል። በአዲስ አበባ ገበያ በተገኘ ሽሮና በርበሬ ላይ ተመርምሮ በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከሻጋታ የሚመጣውን አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ በአንዳንዱ ላይ አግኝቷል። ከዚህ ሌላ የጓያ ነገር አለ። ጓያ ድርቅን የሚችል፣ ዋጋውም የረከሰ እህል ስለ ሆነ በሽሮ ውስጥ ይቀላቀላል። በውስጡ ያለው መርዝ ግን፣ ሌላ እህል ታጥቶ ለወራት እርሱ ብቻ ሲበላ፣ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ከዚያም በኋላ መዳኛ የለውም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድርቅ በወሎ ደላንታና ዳውንት እህሉን ሁሉ አጥፍቶ ጓያ ብቻ በተረፈ ጊዜ፣ ብዙ ሰዎች፣ ይልቁንም ወጣቶች ወንዶች፣ በዚህ ደዌ ተይዘዋል። በኋላ በዚሁ አገር የተደረገው ምርመራ እንዳሳየው ብርቱ ጉዳት የሚያመጣው በቅቅል፣ በቆሎና በእሸት የተበላው ነው፤ ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎና በቅመም በወጥ ተሠርቶ የተበላው ጉዳቱ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ጓያው ተዘፍዝፎ ውሃው ሲደፋም ከመርዙ እኩሌታ ባይሆን እንኳ ከፊሉ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በሽሮ ውስጥ የገባ ጥቂት ጓያ የከተማውን ሰው ሽባ ያደርገዋል ብለን ልናስፈራራ አንሻም። ገዢው ግን ምን እንደ ገዛ ሊያውቅ መብቱ ነው፤ እህሉን ራስዋ ገዝታ የምታስፈጭ እመቤት ከዚህ ጥርጣሬ ነጻ ናት። ጓያን ለብቻው የምግብ መሠረት አድርጎ መያዝ ግን በማንኛውም ቤት የማይገባ ነው፤ አንባቢዎቻችንም በክፉ ዘመን በዙሪያቸው ላሉት ሰዎች ይህን ቢያስጠነቅቁ መልካም ነው።

ስለ ጤናም አንድ ሁለት ነገር እንጨምር። በጤፍ፣ በምስርና በጎመን ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም። የሊጡ መብላላት በዚህ ይረዳል፤ ሎሚ፣ ቲማቲምና ጥሬ ቃሪያ አብሮ ሲበላም የበለጠ ይረዳል። ቡናና ሻይ ከምግቡ ጋር ወይም ወዲያው ከምሳ በኋላ ሲጠጡ ግን ያግዱታል። ከምሳ ተነሥተን ጀበናው አጠገብ መቀመጥ ልማዳችን መሆኑን እናውቃለን፤ ቢሆንም በጾም ወራት ቡናው አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ፣ ይልቁንም ለሴቶች፣ ጥቅሙ ግልጥ ነው።

ቢ12 የተባለው ቪታሚን ከአትክልትና ከእህል አይገኝም። ጤነኛ የሆነ ጐልማሳ በጾምና በጾም መካከል ወተትና ሥጋ ሲበላ በጉበቱ የሚያከማቸው ስላለ አይሠጋም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ግን ከጐልማሳው ጋር አይቈጠሩም፤ እርስዋ ያጣችውን ልጁም ያጣዋልና። ሕፃናትንና ሕሙማንን ሕጉ ራሱ አያስገድዳቸውም። ነፍሰ ጡርዋም የንስሐ አባትዋን አስቀድማ ብታማክር ይሻላል፤ ባልም «እናቴ ጾማ ወልዳኛለች» እያለ ከማስጨነቅ ይልቅ አብሯት ወደ አባ ዘንድ ቢሄድ ይገባዋል።

ለዐቢይ ጾም ሽሮ ለማሰናዳት የሚያስብ ቤት አዲሱ አተርና ባቄላ ከአውድማ ገብቶ ገበያ ሲወጣ በጥር ይግዛ፤ የጥር ፀሐይ ለማድረቅ የታመነ ነው። ሱፉንም ያን ጊዜ አብሮ መግዛት ይሻላል፤ ጾሙ ከገባ በኋላ ዋጋው ይወደዳል፣ የተለቀመ ንጹሑም ቶሎ ያልቃል።