በማቀዝቀዣ መኪና ውስጥ የሚጋገር የኖራ ቅርፊት

ውሃ ዘወትር የሚፈላበትን ማንቆርቆሪያ ክዳኑን ገልጦ ውስጡን የተመለከተ ሰው፥ ነጭ ቅርፊት ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ያገኛል። ይህ ቅርፊት በቤት ውስጥ ሲሆን እምብዛም አያሳስብም፤ በበረዶ ፋብሪካና በዓሣ ማቆያ ቤት ሲሆን ግን የነጋዴውን ትርፍ በዝምታ ይበላል።

የማቀዝቀዣ መኪና ሥራው ሙቀትን ከአንድ ስፍራ አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ መጣል ነው። በኮምፕሬሰር የተጨመቀው የአሞኒያ ጋዝ ሙቀቱን ይዞ ኮንዴንሰር ወደሚባለው ክፍል ይገባል፤ በዚያም በብረት ቧንቧዎች የሚያልፈው ውሃ ሙቀቱን ይቀበለውና ጋዙ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት እንደ ምጽዋ ባለ የወደብ ከተማ፥ የዓሣውና የሥጋው ደኅንነት በዚህ ክፍል ላይ የተመሠረተ ነው።

ከመሬት የሚቀዳ ውሃ ንጹሕ መስሎ ቢታይም የካልሲየምና የማግኒዚየም ጨው ሟሙቶበታል። ስኳር በሙቅ ውሃ ፈጥኖ ይሟሟል፤ ኖራው ግን በተቃራኒው ውሃው ሲሞቅ ተለይቶ በቧንቧው ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ከዚህም በላይ ሞቆ የወጣው ውሃ በማቀዝቀዣ ማማ በርዶ ደጋግሞ ሲያገለግል፥ ከፊሉ ይተናል፤ ጨዉ ግን አይተንም። ለምሳሌ በሊትር 200 ሚሊግራም የኖራ ጨው ያለበት 1,000 ሊትር ውሃ ቢተን 200 ግራም ወደ ኋላ ይቀራል። በየቀኑ ይህን ያህል ቢተን በ30 ቀን 6 ኪሎ ይሆናል።

ብረት ከዚህ ቅርፊት ይልቅ ሙቀትን 20 ጊዜ ያህል አብልጦ ያስተላልፋል። ስለዚህ ቅርፊቱ ቀጭን ቢሆንም ጋዙ ሙቀቱን ለመልቀቅ ይቸገራል፥ ግፊቱም ይጨምራል። ጋዙ ፈሳሽ የሚሆንበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ከፍ ባለ ቁጥር የኤሌክትሪክ ወጪው ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ይጨምራል። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍም መኪናው ራሱን ያቆማል፤ ያን ጊዜ የሚበላሸው የመጋዘኑ ዕቃ ነው።

ስለዚህ የፋብሪካው ኃላፊ የግፊቱን ልክ፥ የሚገባውንና የሚወጣውን ውሃ ሙቀት በየቀኑ በመዝገብ ማስጻፍ ይገባዋል። ግፊቱ ቀስ በቀስ ከጨመረ የፓምፑን የውሃ ኃይል፥ በቧንቧዎቹም ውስጥ አየር መግባት አለመግባቱን አስቀድሞ ይመርምር፤ እነዚህ ደኅና ከሆኑ ቅርፊቱን ይጠርጥር።

መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መከላከል ሲሆን፥ ይኸውም ጨው የበዛበትን የገንዳ ውሃ በየጊዜው እያፈሰሱ በአዲስ መተካት፥ የሚጨመረውንም ውሃ በማለስለሻ ማሳለፍ ነው። ሁለተኛው ማጽዳት ነው፤ ቀጥ ያለ ቧንቧ በብሩሽ ይጠረጋል፥ የጠነከረው ቅርፊት ደግሞ ብረቱን ከመበላት የሚጠብቅ መድኃኒት በተጨመረበት ቀላል አሲድ ይሟሟል። አሲዱ በውሃ ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃው በአሲድ ላይ አይጨመርም፤ ከበረኪና ጋር ማደባለቅም መርዛም ጋዝ ስለሚያስነሣ ፈጽሞ አይገባም። ዚንክ በተለበጠ ብረት ላይ ተራ አሲድ ማፍሰስ ቅርፊቱን ከነልባጩ ማንሣት ነው። ሥራው ሲፈጸም የቀረው አሲድ በሶዳ ተገድሎ፥ ቧንቧው በብዙ ውሃ ይታጠባል።

ለማለስለሻና ለመዝገብ የሚወጣው ገንዘብ ለጊዜው ትርፍ ወጪ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን መጋዘኑ ሞልቶ መኪናው በሐምሌ ሙቀት ከመቆሙ በፊት ሂሳቡን ያሰበ ነጋዴ፥ አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትን ምክር በሥራ የፈጸመ ይሆናል።