ልጅዎ አውሮፕላን ከሠራ፣ ነዳጁን የት እንዳስቀመጠው ይጠይቁት

ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ ልጅዎ ደውሎ «አውሮፕላን እየሠራሁ ነው» ቢልዎ ምን ይሉታል? ብዙዎቻችን መጀመሪያ እንስቃለን። ቀጥለን «ትምህርትህስ?» እንላለን። ከዚያ ስልኩን ዘግተን ለጎረቤት እናወራለን።

ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አይደለም። አቶ አስመላሽ ዘፈሩን ያስታውሷቸው ይሆናል። አብራሪ ለመሆን አመልክተው ቁመታቸው በ1 ሴንቲ ሜትር አንሶ የተመለሱ ሰው ናቸው። ወሬያቸው በዓለም ዙሪያ ሲሰማ፣ ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ እየተማሩ በ570 ቀን የሠሯት ትንሽ አውሮፕላን ነበረቻቸው። ሞተሯ የአሮጌ ቮልስዋገን ነው፤ 40 የፈረስ ጉልበት። ስሟ ኬ-570ኤ ሲሆን «ኬ» የእናታቸው የኪሮስ ስም መነሻ ናት። የመጀመሪያው የመብረር ሙከራ አልተሳካም፤ ሰውየው ግን ተስፋ አልቆረጡም። ወደ ኋላ ከሄድንም በ1928 ዓ.ም. በጀርመናዊው መሐንዲስ በሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች አዲስ አበባ ላይ የተሠራችው «ፀሐይ» አለች። ጣሊያን ወስዷት ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳልናለች። ስለዚህ ልጅዎ የጀመረው ነገር አባት አለው።

እንግዲህ እርስዎ መሐንዲስ ካልሆኑ ምን ሊጠይቁት ይችላሉ? ስለ ክንፉ ቢጠይቁት በሒሳብ ያደነቁርዎታል። ስለ ነዳጅ ታንኩ ይጠይቁት። ጋራዥ ውስጥ «ሰልባትዮ» የምንለውን ማለቴ ነው። እሱ የማንም ሰው ጭንቅላት የሚገባው ነገር ነው። ደግሞም ቤት የተሠራ አውሮፕላን ብዙ ጊዜ የሚከዳው እዚያ ላይ ነው።

የዘፋኙን የጆን ዴንቨርን ነገር ላንሳ፤ ዘፈኖቹን የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። ጥቅምት 2 ቀን 1990 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ ባሕር ላይ ተከስክሶ ሞተ። የሚያበራት ሎንግ-ኢዚ የምትባል፣ ሌላ ሰው ቤቱ ውስጥ የሠራት፣ እሱ ገና የገዛት አውሮፕላን ነበረች። ነዳጅ ከአንዱ ታንክ ወደ ሌላው የሚያዞረው ቫልቭ በንድፉ መሠረት በአብራሪው እግሮች መካከል መሆን ነበረበት። ሠሪው ግን የነዳጅ ቱቦ ወደ መቀመጫው እንዳይገባ ብሎ ከግራ ትከሻ ጀርባ አደረገው። እጀታውም ጠንካራ ነበር፤ ከመነሳቱ በፊት በፒንሳ ሊያረዝሙት ሞክረው አልሆነም። ነዳጅ እንዲሞላ ሲጠየቅ የምበረው ለአጭር ጊዜ ነው ብሎ ተወው። በኋላ የመረመሩት የአሜሪካ ባለሙያዎች እንዳሉት፣ ቫልቩን ለመያዝ ወደ ኋላ ሲዞር በእግሩ መሪውን ሳያስበው ሳይጫነው አልቀረም። እጅ በቀላሉ የማይደርስበት አንዲት ቫልቭ ናት ሰውየውን የበላችው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዎ ይህ ይሁን፦ «ቀበቶህን አስረህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ፣ ነዳጁን መዝጋትና መክፈት ትችላለህ?» መቀመጫው ላይ ይቀመጥና ያሳይዎ።

ቀጥሎ ቦታው። ቤንዚን 1 ሊትር 720 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 40 ሊትር ማለት 29 ኪሎ ግድም ነው። የአዊ ፈረሰኞች ጥር 23 ቀን በዓላቸውን ሲያከብሩ አይተው ከሆነ ይህን ማስረዳት አያስፈልግዎትም፦ ፈረስ ላይ ጭነት ወደ ዳሌ ካዘነበለ ፈረሱም ፈረሰኛውም ያውቁታል። አውሮፕላን ላይ ግን ጭነቱ እየበረረ ይቀንሳል። ታንኩ ከወንበር ጀርባ ርቆ ከተቀመጠ፣ ሙሉ ሳለ ጭራ ይከብዳል፣ ሲያልቅ አፍንጫ ይከብዳል። ልጅዎ አውሮፕላኑን በሚዛን ላይ አቁሞ ሙሉውንም ባዶውንም መዝኖ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ሊያሳይዎ ይገባል።

የታንኩ መተንፈሻ ደግሞ አለ። የዘይት ጣሳ አንድ ቀዳዳ ብቻ ሲበሳ እንዴት እየተንገራገጨ እንደሚቀዳ ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው ሁለተኛ ቀዳዳ የምንበሳው። አውሮፕላንም እንደዚያው ነው። ነዳጅ ሲወጣ አየር ካልገባ፣ ታንኩ ሙሉ ሆኖ ሞተሩ ይጠፋል። ይህችን ትንሽ ቀዳዳ ጭቃ የሚለጥፍ ተርብ ሊዘጋት ይችላል። የገረመኝ፣ ይህ ነገር በትልልቅ አገሮች አውሮፕላን ማቆሚያዎችም የታወቀ ችግር መሆኑ ነው።

አሁን ወደ እንጅባራ አየር እንምጣ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ተራ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚያ ያጣል፤ የ40 ፈረስ ሞተር ወደ 30 ይወርዳል። ስለዚህ ታንኩ ትልቅ ይሁን ማለት ዋጋ አለው። ከእንጅባራ ዳንግላ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለምትሄድና በሰዓት 15 ሊትር ለምትጠጣ አውሮፕላን መንገዱ 6 ሊትር ነው። ለመጠባበቂያ ግማሽ ሰዓት 7 ሊትር ተኩል ይጨምሩበት። መነሻውንና የማይቀዳውን የታንክ ዝቃጭ ቢያስቡ 20 ሊትር ይበቃል። 60 ሊትር ልሸከም ካለዎ፣ እዚያ ዙሪያ ካለው የዲከረንስ ደን በላይ እንዴት እንደሚነሳ ይንገርዎ።

ሌሊቱ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ግማሽ የሆነ ታንክ ውስጥ ያለው እርጥብ አየር ጠል ሆኖ ግድግዳው ላይ ይወርዳል፤ ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይቀመጣል። ለዚህ ታንኩ ዝቅ ያለ ጥግ፣ እዚያም ላይ ማንጠፊያ ይኑረው። ጠዋት ጠዋት በንጹሕ ብርጭቆ ጠርሙስ ትንሽ ይቅዳ። ቤንዚኑ ኤታኖል ካለበት (አገራችን ከ2001 ዓ.ም. አካባቢ ጀምራ 5 በመቶ ስትቀላቅል ነበር) ውሃውን ይስባል፤ አንዳንድ የፋይበር ግላስ ሙጫንና ጎማንም ይበላል። ከአሉሚኒየም ላሜራ የተሠራ ታንክ ይሻላል ባይ ነኝ።

ታንኩ ከተበየደ በኋላ ልጆቹን ሁሉ ይጥሩ፤ ይህ ክፍል ደስ ይላል። መውጫዎቹን ዘግተው በአንዱ ላይ ፊኛ ያስሩ፣ በሌላው በቀስታ አየር ይንፉ፣ ብየዳውን በሳሙና አረፋ ይቀቡት። አረፋ የሚነፋበት ቦታ ያፈሳል። ፊኛው በማግሥቱም እንደተነፋ ከቆየ ጥሩ ነው። በፓምፕ በኃይል እንዳይነፉት፤ ታንኩ ይጎብጣል።

አንድ ነገር ግን ጮክ ብዬ ልናገር። ነዳጅ ነክቶት የሚያውቅ ታንክ ካፈሰሰ፣ «ባዶ ነው» ብሎ ወደ በያጅ መውሰድ አይቻልም። የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው። ባዶ የሚመስለው ታንክ ከሙሉው ይብሳል። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተስቦ ከሰል ምድጃው ድረስ ይሄዳል። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን ብዙ ቤት ውስጥ በጀሪካን ቤንዚን እንደሚቀመጥ እናውቃለን፤ ልጅዎ በዚህ ሰበብ ሦስት ጀሪካን ማዕድ ቤት ሥር ደርድሮ ከሆነ፣ አውሮፕላኑን ከማየትዎ በፊት እነሱን ከቤት ያስወጡ። ሲሞላም ጀሪካኑ መሬት ላይ ይቀመጥ፤ ታንኩ በሽቦ ከመሬት ጋር ይያያዝ።

የመጨረሻው ፈተና የፍሰት ፈተና ነው። ነዳጁ ከፍ ካለ ቦታ በራሱ ክብደት የሚወርድ ከሆነ፣ አፍንጫው እንደ መነሻ ቀና ብሎ፣ ታንኩም ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ከሚፈልገው አንድ ተኩል እጥፍ መውረድ አለበት። ሞተሩ ሲነሳ በሰዓት 18 ሊትር ቢጠጣ፣ 27 ሊትር መውረድ አለበት ማለት ነው። ይህ በደቂቃ 450 ሚሊ ሊትር ነው። ቱቦው ከካርቡሬተሩ ተፈትቶ፣ ውጭ ሜዳ ላይ፣ ሲጋራና ስልክ ርቆ፣ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ከደቂቃ ትንሽ አልፎ መሙላት ይኖርበታል። ሁለት ደቂቃ ከፈጀ ፊልትሮው ወይም ቱቦው ጠቧል፤ ተፈትቶ እንደገና ይሠራ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይገኝ ከመሬት መነሳት የለም። ፈቃዱ ዘግይቶ ልጁ ቢነጫነጭ፣ ሰዓት ይያዙለትና የጠርሙሱን ፈተና ይደግመው።